ከካምባ የመጣችው ፍሎፒ

አርባ ምንጭ የተመደብኩት እንደተመረቅኩ ነው። ሰማንያዎቹ እያለቁ ነበር። የተሰጠኝ ሥራ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ኃላፊነት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ከሰው በላይ ይከበር ስለነበር ወደ ክፍሉ የሚገባው ጫማ አውልቆ ነው። ማሽኖቹ በልካቸው የተሰፋ የአቧራ ልብስ አላቸው። መስኮት ከፍቶ መርሳት ደግሞ ክልክል ነው፤ ዝንጀሮ ይገባል። አንድ ጊዜ ገብቶ የኪቦርድ ቁልፎች ነቅሎ ሄዷል።

እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ፕሮግራም ወረስኩ። ቀድሞ ያስተምር የነበረ የውጭ አገር መምህር ትቶት የሄደ ነው። ከተራራ ላይ ምንጭ ጠልፎ ውሃ ወደ መንደር ለማውረድ የቱ ጋ ምን ያህል ስፋት ያለው ቧንቧ እንደሚያስፈልግ ያሰላል። ሰውዬው የፕሮግራሙን ሆድ ዕቃ ሳይደብቅ ነው የሰጠን። ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ «የፈለገ ይጠቀምበት፣ የፈለገ ያሻሽለው፤ ያሻሻለ ግን ለሌላው አይንፈግ» ብሎ ጽፎበታል። ዛሬ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር «ክፍት ምንጭ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ያኔ እኛ የምናውቀው ነገሩ ደስ እንደሚል ብቻ ነበር።

ፕሮግራሙ የተቀዳባትን ዋናዋን ፍሎፒ ዲስክ «እናቲቱ» እንላታለን። እኔ ቆልፌ አስቀምጣታለሁ። ማሻሻል የፈለገ ከእሷ ገልብጦ ይወስዳል፤ ሲጨርስ ያመጣልኝና አይቼ እናቲቱ ላይ እጭናለሁ። ብዙ የሠሩበት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ የደሴ ልጅ፣ እንደኔ አዲስ ተመራቂ፣ ረዳት መምህርት ነበረች። እጇ ፈጣን ነው፤ የተዝረከረከ ነገር ማየት አይሆንላትም፤ ሰው ቤት ገብታ እንኳ የተንጋደደ ወንበር ሳታቀና አትቀመጥም። ሌላው ከአርባ ምንጭ ራቅ ብሎ ካምባ የሚሠሩ የውሃ ባለሙያ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ኮምፒውተር የተማሩት ከጎልማሳነታቸው በኋላ እኛው ጋ ሲሆን፣ ቢሯቸው ውስጥ በጄኔሬተር በሚሠራ አንድ ማሽን ላይ ይጽፋሉ። ፍሎፒያቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በጭነት መኪና ሾፌሮች እጅ ይልኩልን ነበር።

አንድ ክረምት ዝናቡ በረታና የካምባ መንገድ ተቆረጠ። ከጋሼ ምንም ሳይመጣ ቀረ። የደሴዋ ልጅ ጓደኛዬ በዚያ መሃል እናቲቱን ገልብጣ ወስዳ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አጸዳችው። የተደጋገመውን አወጣች፣ መስመሮቹን አስተካከለች፣ ግራ የሚያጋቡ ስሞችን በሙሉ ለወጠች። ሲነበብ እንደ ውሃ የሚወርድ ሆነ። ጫንኩላት።

መንገዱ ሲከፈት ጋሼ ራሳቸው መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ጭቃ የነካውን ካልሲያቸውን እያዩ እየሳቁ ገቡ። ክረምቱን ሙሉ የለፉበትን ይዘው ነው የመጡት፤ ቁልቁለት ሲበዛ ቧንቧው በግፊት እንዳይፈነዳ በየት በየት በኩል ማስተንፈሻ ገንዳ እንደሚሠራ የሚያሰላ አዲስ ክፍል ነው። መጀመሪያ እናቲቱን ላያት አሉ። ከፈትኩላቸው። እያገላበጡ ሲሄዱ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጆቼ የት አሉ?» አሉ።

አልገባንም። እሳቸው ግን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለጉ። ለካ በፕሮግራሙ ውስጥ የሠሯቸውን ክፍሎች የሰየሟቸው በልጆቻቸው ስም ኖሯል። ቁልቁለቱን የምታሰላው በትልቋ ልጃቸው ስም፣ የቧንቧውን ስፋት የሚመርጠው በተከታይዋ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ትንሹ ድረስ። ጓደኛዬ እነዚያን ስሞች ጠርጋ «ቁልቁለት»፣ «ስፋት» እያለች ተክታቸዋለች።

«አላጠፋኋቸውም እኮ፣ ጋሼ» አለች። «ስማቸውን ነው ያስተካከልኩት። ሌላ ሰው ሲያነበው እንዲገባው ብዬ ነው።»

«የሰው ልጅ ስም ይስተካከላል እንዴ? ማንን ጠየቅክ?»

ሲናደዱ አንተና አንቺ ይቀላቀልባቸው ነበር። አዲሱን ሥራቸውን ብንጭነው ደግሞ ጨርሶ አልሄድ አለ። በየመስመሩ የሚጠራው የድሮዎቹን ስሞች ነው፤ እነሱ ደግሞ የሉም። የክረምት ልፋታቸው ገደል ገባ ማለት ነው። ጋሼ ፍሎፒያቸውን አወጡና ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ ወጡ። ጓደኛዬ የማሽኑን ልብስ ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆየች።

ተከትያቸው ስወጣ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «ቤተሰቤ ያለው ኦቾሎ መንደር ነው» አሉኝ። «ክረምት ሲሆን አልደርስባቸውም። ስማቸውን ስጽፍ ከእነሱ ጋር የምሠራ ይመስለኛል።»

ጓደኛዬም ተከትላን መጣች። ቆማ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። «መንገዱ እስኪከፈት ብጠብቅ ምንም አይቀርብኝም ነበር። የራሴ ቤት መሰለኝ።»

ጋሼ ቀና ብለው አዩዋት። «ቤቱስ የአንቺም ነው። ጥፋቱ የእኔም አለበት። ልጅ ሰው ቤት ሲላክ የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ ይናገራል። የእኔዎቹ ዝም ብለው ነው የገቡት። ቁጭ በይ።»

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ጎን ለጎን በሁለት ማሽን ተቀመጡ። በጋሼ ፍሎፒ የቀረው የድሮው በአንዱ፣ የእሷ በሌላው። አንድ መስመር ታነባለች፣ ጋሼ ያመሳክራሉ፣ «ይሄ ይሁን»፣ «ይሄኛው ያንቺ ይሻላል» ይባባላሉ። የጸዳው እንደጸዳ ቀረ፤ የልጆቹ ስም ግን ወደ ቦታው ተመለሰ፣ በእያንዳንዱም ሥር ምን እንደሚሠራ የሚናገር አንድ መስመር ተጻፈ። እኩለ ቀን ላይ ጓደኛዬ ድንገት ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ሦስተኛው ልጅዎ ሥራ የለውም። ማንም አይጠራውም፤ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ደግመው አዩ። ከዚያ ሳቅ ጀመሩ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ቤትም እንደዚሁ ነው!» አሉ። «ስጪው እስቲ፣ የሆነ ሥራ ስጪው።»

ግፊት የማስላቱን ሥራ ሰጠችው።

ከዚያ በኋላ ማንም ሳያዘን ደንብ አበጀን። አዲስ ነገር ከመጀመር በፊት የቅርቧን እናቲት መገልበጥ፤ ሌላው የሠራውን ከመንካት በፊት በሾፌርም ቢሆን መልእክት ልኮ መጠየቅ፤ ማጽዳትና መጨመርን በአንድ ፍሎፒ አለማምጣት፤ የለወጡትን ለምን እንደለወጡ ከአጠገቡ መጻፍ። ለዛውን የጨመሩበት ጋሼ ናቸው። ሥራዋን አልቀበል ካሉ በዚያው በፕሮግራሙ ውስጥ እንዲህ ይጽፉላት ነበር፦ «ልጄ፣ ይህችን መስመር አልወደድኳትም። አንቺን ግን እወዳለሁ።» እሷም ከሥሩ፣ «ጋሼ፣ መስመሯ ግን ልክ ናት» ብላ ትመልሳለች። እናቲቱን በከፈትኩ ቁጥር እየሳቅሁ ነበር የማነበው።

በጋው ላይ በዚያ ፕሮግራም የተሰላ የመጀመሪያው ቧንቧ ካምባ አካባቢ በአንዲት መንደር ተዘረጋ። ሦስታችንም ሄድን። ውሃው መጀመሪያ ጭቃ ቀለም ሆኖ መጣ፣ እያስነጠሰ፤ ከዚያ ጠራ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጓደኛዬ ከገንዳ ገንዳ እየሮጠች መጋጠሚያዎቹን በእጇ ዳሰሰች። አንድም የሚያፈስ የለም። ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ የዱቄት ድብልብል፣ ኩርኩፋ፣ ቀረበልንና እስክንጠግብ በላን።

ስንመለስ መኪናችን አንድ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ያዛት። እነሱ ግን ወሬ ይዘዋል። ቧንቧው ለሁለት መንደር ሲከፈል የሚያሰላው ክፍል ገና አልተሠራም።

«አንቺ ጀምሪው፤ እኔ እስክትጨርሺ እጠብቃለሁ» አሉ ጋሼ።

«ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለች።

«ኧረ አይሆንም።»

«በፍጹም፣ ጋሼ!»

ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለው ሾፌር ውሃው ውስጥ ቆሞ ሲሰማቸው ቆየና፣ «ማናችሁም ቅደሙ፤ ብቻ መጀመሪያ መኪናዋን ግፉልኝ!» አለ።