ጥቁር ዓሣ በአያ ይማም ደጅ

ሥራ የጀመርኩት ጅዳ፣ ዘጠኝ ሰው በሚኖርበት ቤት፣ በረዳት ወጥ ቤትነት ነው። ዋናዋ አብሳይ ሱሚ የምትባል ህንዳዊት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ከሐይቅ ዳር መምጣቴን ስትሰማ ደስ ብሏት ዓሣ እንድጠብስ ሰጠችኝ። እኛ ቤት ዓሣ አይበላም ነበር፤ ይህን መናገር አፈርኩ። በርበሬ ነስንሼ ቀዝቃዛ መጥበሻ ላይ አስተኛሁት፤ ሳገላብጠው ተፈረካከሰ።

ሱሚ አልተቆጣችም። ሌላ ዓሣ አውጥታ አሳየችኝ። ዓሣው በጨርቅ ይደርቃል፣ የቀለጠ ቅቤ ይቀባል። ከዚያ በርበሬ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙን፣ የነጭ ሽንኩርት ዱቄትና ጨው ይለብሳል። የብረት መጥበሻው እስኪጨስ ይግላል። ዓሣው የሚገለበጠው አንዴ ብቻ ነው።

«ቅመሙ ይጥቆር፤ ውስጡ ነጭ ይሁን» አለችኝ በተሰባበረ ዓረብኛ። የእኔ ዓረብኛ ከእሷም የባሰ ነበር።

ሩዝ ማጠብና መዘፍዘፍ መማር ብቻ ወር ፈጀብኝ። ስድስት ዓመት አብሬያት ሠራሁ።

በለውጡ ሰሞን ወደ ከተማዬ ወደ ሐይቅ ተመልሼ በቤቴ ለሰው ማብሰል ጀመርኩ። ዓሣ የሚያመጡልኝ አያ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ አሥጋሪ ነበሩ። መጀመሪያ የጠበስኩትን ሲያዩ አርሮብኝ መስሏቸው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። ሲቀምሱ ግን ለቤታቸውም ጠቅልዬ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ሸሸን። ከወራት በኋላ ስመለስ የቤቴ በር ተገንጥሎ፣ ዕቃው አልቆ አገኘሁት። ከጎረቤት መጥበሻ ተውሼ እንደገና ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት አያ ይማም ባዶ እጃቸውን መጥተው ደጄ ላይ ተቀመጡ። የልጃቸው የሐያት ሠርግ በጦርነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። እኛ ዘንድ ለሠርግ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ይታረዳል፤ ማዕዱም ለየብቻ ነው። እሳቸው ቤት የቀረው ግን አንድ በግ ነበር።

«ለአንዱ አርጄ ሌላውን ምን ላበላው ነው? ወላሂ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ላራዝመው ነው» አሉኝ።

ዓሣ ማንም እንደማያርደው፣ ሁሉም እንደሚበላው ነገርኳቸው።  ከዚያ ተነስተው መረባቸውን ሊጠግኑ ሄዱ።

የሠርጉ ዕለት አያ ይማም ደጅ፣ ከዳሱ ጀርባ፣ ከንጋት ጀምሮ ሦስት ሴቶች ሆነን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ስንገፍፍና ስንሰነጥቅ አረፈድን። አራት የከሰል ምድጃ ደረደርኩ። የበርበሬው ጭስ ሙሽራዋን አስነጠሳት፤ ሚዜዎቿ በሳቅ ወደቁ። ሩዙ በሁለት ትልልቅ ድስት ደረሰ።

የአያ ይማም የዕድሜ ልክ ጎረቤት አያ ገብሬ እንደ ልማዳቸው ከክርስቲያኖቹ ጋር ተቀምጠዋል። ትሪው ሲቀርብ ጥቁሩን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። እንዲቆርሱት ለመንኳቸው። ቆረሱት፤ ነጩ ሥጋ እየጨሰ ወጣ። ከሩዙ ጋር ጎረሱ፤ ከበርበሬው የተነሳ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ግን አላቆሙም።

ከዚያ ትሪውን እንዳለ አንስተው ዳሱን አቋርጠው አያ ይማም አጠገብ ተቀመጡ።

«ይማም፣ አርባ ዓመት ሠርግ ስንጠራራ ከአንድ ትሪ ስንበላ ዛሬ ገና ነው» አሏቸው።

አያ ይማም ትልቁን ዓሣ መርጠው አጎረሷቸው። ሌላውም ሰው ቦታ መቀያየር ጀመረ፤ ማን የት ተቀምጦ እንደነበር ጠፋ። እኔ ወደ ምድጃዬ ተመልሼ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቀና አላልኩም፤ እንደዚያ ቀን ግን ሥራ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ለድግስ ሲጠሩኝ አስቀድሜ ማን ከማን ጋር መቀመጥ እንደሚፈልግ እጠይቃለሁ። ምግቡን ከዚያ በኋላ እመርጣለሁ።