ድምፅ የሌለው ኮቴ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ይዤ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ገና በጨቅላነቷ ማጅራት ገትር ጆሮዋን ወስዶባታል ተባልን፤ እኔ ግን ሐኪም ያለውን ሁሉ አሜን ብዬ የምቀበል ሰው አይደለሁም። ወጣቱ ሐኪም በጎኗ በኩል ቀይ መሀረብ ቀስ አድርጎ ሲያወጣ ልጅቱ ዞር አለች። እኔም ብድግ ብዬ «ትሰማለች!» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ። ይህንኑ ቃል በሃያ ዓመቴ፣ ቡሬ፣ እናቴ ቤት ተናግሬው ነበር። ያን ጊዜ ግን ከደስታ አልነበረም።

ጊዜው ጥር ነው፤ በርበሬው ከማሳ ገብቶ ግቢያችን በቀይ ዛላ ተሸፍኗል። ከደህናው የነጣውን ስንለቅም፣ ስናስነጥስ እንውላለን። ታላቅ ወንድሜ አያሌው ከሕፃንነቷ ጀምሮ የማትሰማ ጥሩዬ የምትባል ልጅ ወዶ፣ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆርጧል። እናቴም ጠባይዋን ለማየት ብላ ለቀማውን እንድታግዘን ጠራቻት።

ጥሩዬ ፊት ለፊቷ ያለውን እየለየች፣ በጎኗ ያመለጠንን የነጣ ዛላ ሳትዞር ታነሳዋለች። በር ላይ ሰው ብቅ ሲል ከሁላችን ቀድማ ቀና የምትለው እሷ ናት። ነገሩ አልጥምሽ አለኝ። ደንቆሮ መስላ ምስጢራችንን ታደምጣለች ብዬ፣ እንጀራ ስቆርስ እንኳ ዓይኔን ከእሷ አልነቅልም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ጫማዬን አውልቄ፣ ትንፋሼን ውጬ በጎኗ ተጠጋኋት። ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ዞር ብላ ሳቀችልኝ። ሳቋ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። በቀጥታ እናቴ ዘንድ ገባሁ።

«ትሰማለች! ኮቴዬን ሰማች!»

«እስቲ ማርያምን በይ!» አለች እናቴ።

«ማርያምን!»

ሽማግሌው ሳይላክ ቀረ። አታላይ ናት የሚለው ወሬ ደምበጫ ድረስ ደረሰ። ለጥሩዬም ከዚያ ወዲያ ጠያቂ አልመጣላትም።

ባለፈው ሳምንት ትሰማለች ስለው ሐኪሙ ፈገግ ብሎ «አልሰማችም እናቴ፤ አየችኝ እንጂ» አለኝ። ጆሮ በሕፃንነት ሲጠፋ ለመስማት የታሰበው የአንጎል ክፍል ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ ዓይን ይገባበታል፣ በተለይ የጎን እይታ ይበረታል ብሎ አስረዳኝ። ጦም ያደረ መሬት ጎረቤት ያርሰው የለ? ቢሆንም ሊያጽናናኝ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ከኋላዋ ሆኜ በሁለት እጄ አጨበጨብኩ፤ ንቅንቅ አላለችም። መሀረቡን በጎኗ ሳመጣው ግን ወዲያው ዞረች።

ያኔ ገባኝ። ባዶ እግሬን ነበርኩ እኮ! እኔው ራሴ ያልሰማሁትን ኮቴ ሰማች ብዬ በማርያም ምያለሁ።

በመኪና ወደ ቡሬ ስንመለስ ለአያሌው ደወልኩ።

«ወንድምዓለም፣ ጥሩዬ አትሰማም ነበር።»

«እኔማ አውቅ ነበር» አለኝ። «የታመንሽው ግን አንች ነሽ።»

አፈርኩ። እንባዬን ልጅቱ እንዳታይብኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ። ፊቴን ስመልስ፣ ትንሿ እጇ ጉንጬ ጋ ደርሳ ነበር።