ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተሰገደበት ቤት

ረቢያ እዚህ ቤት ውስጥ አራት ልጅ ወልዳለች፣ ሁለቱን ድራለች፣ አማቷን አስታማ ቀብራለች። ሶላት ግን አልሰገደችበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አዛን በተባለ ቁጥር መስገጃዋን በብብቷ ሸጉጣ፣ ቦዩን ተሻግራ ጎረቤቷ ዑምኩልሱም ዘንድ ትሄዳለች። ክረምት ሲሆን ጃንጥላ ትይዛለች። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ላይ ይስቅባት ነበር፤ ኋላ ለመደው፤ እያደር ደግሞ ሰዓት ይቆጥርባት ጀመር።

ነገሩ የመጣው ከቤቱ ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም ጭቃ፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው። በንጉሡ ጊዜ የሠራው ሐጂ ባድሩ የሚባል የበርበሬ ነጋዴ ነበር። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ሦስት ቤት ስለነበረው፣ «አንዱን ምረጥና ያዝ» ተባለ። ሐጂ ባድሩ «ከልጆችህ አንዱን ምረጥ እንደማለት ነው» ብሎ ሦስቱንም ጥሎ፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሚስቱ አገር ወደ ውጫሌ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ የቀበሌ ሆነ። መጀመሪያ የመሠረተ ትምህርት ክፍል አደረጉት፤ ሽማግሌዎች በመነጽር ፊደል ቆጠሩበት። ቀጥሎ የኅብረት ሱቅ ሆነ፤ ጨው ስለተከመረበት የግድግዳው ሥር እስከ ዛሬ ልስን አይዝም። ከሱቁ በኋላ ፈንታሁን የሚባል ድሬሰር ገባበትና በፊተኛው ክፍል መርፌ ይወጋ ነበር፤ አሁንም በዚያ ሲያልፉ ዳሌያቸውን የሚያሹ ሰዎች አሉ። በ1986 የወፍጮ ሠራተኛው ጁማ ተከራየውና የሃያ አራት ዓመት ሙሽራውን ረቢያን አስገባበት።

መንግሥት ቤት መውሰድም መስጠትም ይችላል። ከቤቱ ጋር የሚቀረውን ቅሬታ ግን የሚረከብ ጽሕፈት ቤት የለም፤ ገብቶ የሚኖረው ሰው ሳይጠይቅ ይረከበዋል። ረቢያም ቁርኣን ያስተማሯትን ሼህ የቤቱን ነገር ብትጠይቃቸው፣ «ባለቤቱ ሳይፈቅድ የተወሰደ ቤት ነው፤ የሚሰገድበት ሶላት አጅሩ፣ ዋጋው፣ ያጠራጥረኛል» አሏት። ኋላ ሌሎች ሼሆች «አንቺ ተከራይ ነሽ፣ ምን አለብሽ?» ብለዋታል። ጥርጣሬ ግን አንዴ ከገባ በብዛት አይሸነፍም። ጁማ የሚሰግደው መስጊድ ስለሆነ ነገሩ አይነካውም። የሴት ሶላት ቤቷ ነው፤ ዕዳው የእሷ ብቻ ሆነ።

አንድ ጊዜ ቆርጣ፣ ፈቃድ ልትጠይቅ አውቶቡስ ተሳፍራ ውጫሌ ሄዳ ነበር። የሐጂ ባድሩ በር ላይ የጫማ መዓት አየች። ሰውየው ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ፣ ማንነቷን ሳትናገር ለቅሶ ደርሳ ተመለሰች። ልጆቹን ለመጠየቅ ግን ወኔ አጣች። ሳትጠይቅ ብትቀር ጥርጣሬ ነው። ጠይቃ «እምቢ» ካሏት ቁርጥ ያለ ሐራም ይሆናል። ከሁለቱ ጥርጣሬውን መረጠችና ከእሱ ጋር አረጀች። ጦርነቱ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ፣ ከቤት መውጣት ባልተቻለባቸው ሳምንታት፣ እያለቀሰች ፊተኛው ክፍል ውስጥ ሰግዳለች። ሰላም ሲሆን ግን እነዚያን ሶላቶች አንድ በአንድ ዑምኩልሱም ቤት ደግማ ሰገደቻቸው።

ዘንድሮ ጉልበቷ ከዳት። በዚያ ላይ የዑምኩልሱም ልጅ ከኳታር «አዲስ ቤት ይሠራ» ብላ አሮጌውን አስፈረሰች፤ ዑምኩልሱምም ከአስፋልቱ ማዶ ቤት ተከራየች። ረቢያ ሦስት ሳምንት ፍርስራሹ ላይ ሰገደች። በሲሚንቶ ከረጢትና በድንጋይ ክምር መካከል መስገጃዋን ስታነጥፍ፣ ግንበኞቹ አካፋቸውን አስቀምጠው እስክትጨርስ ይጠብቁ ነበር። ሐሙስ ዕለት አናጺው መጥቶ፣ «እማማ፣ ሰኞ ይቺንም እንቆፍራታለን፤ አይቀየሙን» አላት። ከዚህ ወዲያ የት እንደምትሰግድ አላወቀችም።

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ከዘራ የያዘ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው በሩ ላይ ቆመ። አይገባም፣ አይሄድም፤ ግድግዳውን ያያል። ጁማ ወፍጮው ጆሮውን ስላደነቆረው ሁልጊዜ እየጮኸ ነው የሚናገር፤ ለማንም አንቱ አያውቅም።

«ማንን ፈለግህ?»

«ሳሊሕ እባላለሁ። የሐጂ ባድሩ ልጅ ነኝ።»

ቤቱን ሊጠይቅ ነው የመጣው፣ አለች ረቢያ በሆዷ፤ ሰኞን እንኳ አላደረሰኝም። «ይግቡ ወንድሜ» አለች።

ሳሊሕ ገብቶ ተቀመጠ። አይኑን ከመሬት አላነሣም። «ኢንሻአላህ ለሐጅ ተነሥቻለሁ። የበደልኩትን ሁሉ እየዞርኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው። እናንተም አውፍ በሉኝ።»

«እኛን መች አገኘኸንና በደልከን?» ጮኸ ጁማ።

«ረግሜያችኋለሁ። አባቴ ይህን ቤት እየጠራ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ ዱዓ በተደረገ ቁጥር፣ ‹እዚያ ቤት የገባ ሁሉ ሰላም አያግኝ› እላለሁ። ወላሂ ስማችሁን እንኳ አላውቅም ነበር።»

ጁማ ጥቂት አሰበ። «ለካ ለዚህ ነው ጣሪያው የሚያፈስ!»

ሳሊሕ ሳያስበው ሳቀ። «ጣሪያውማ አባቴም እያለ ያፈስ ነበር።»

ረቢያ አልሳቀችም። «አውፍ ብያለሁ፤ ለዱንያም ለአኼራም» አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሸሸችው ጥያቄ እግሩን አጥፎ ፊቷ ተቀምጧል። «እኔም የእናንተ ሐቅ አለብኝ። ከፈቀዱልኝ... እዚህ ቤት ልስገድ።»

ሳሊሕ ግራ ገባው። «እስካሁን የት ነበር የምትሰግጂ፣ እህቴ?»

በመስኮቱ ፍርስራሹን አሳየችው። ጁማ የቀረውን በጩኸት ነገረው፤ ቦዩን፣ ጃንጥላውን፣ ሼሁን። ሳሊሕ ተነሥቶ ፍርስራሹን በመስኮቱ ደግሞ አየው። ለካ እሱ የሚረግማት ሴት፣ እሱ ራሱ ያላከበረውን ያህል የአባቱን ሐቅ ስታከብር ኖራለች።

«እኔስ ፈቅጃለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን ብቻዬን አይደለሁም። ከባድሩ ልጆች ሁለት ነን የቀረን፤ እህቴ ሀውራ ጅዳ ናት። እሷ ደግሞ ኮስታራ ናት፤ አልዋሽሽም።»

ረቢያ ጉልበቷን ጨብጣ ተቀመጠች። ሳሊሕ በኢሞ ደወለ።

«ማን ዘንድ ነህ?» አለች ሀውራ።

«ቤታችን። ያሉት ሴትዮ ሶላት ሊሰግዱበት ፈቃድ ጠይቀው ነው።»

ረቢያ ስልኩ የተቋረጠ መሰላት።

«ያ ጠባቡ ጓዳ አለ?»

«አለ!» ጮኸ ጁማ።

«እዚያ ነው የተወለድኩት» አለች ሀውራ። «እትዬ፣ ይስሙኝ። ቤቱን አልተውኩም። የአባቴ ነው፤ ነገም የአባቴ ነው እላለሁ። ሶላቱን ግን ይስገዱ። በፈለጉት ክፍል፣ እስከፈለጉት ዘመን። እኔንም በዱዓ አይርሱኝ።»

«ቤቱንማ እኛም አንሰጥሽም!» አለ ጁማ። «ቀበሌን ጠይቂ!»

ጅዳ ላይ ሳቅ ተሰማ። ረቢያ ግን ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ ታለቅስ ነበር። ሀውራ «ቤቱም ይሁንልዎ» ብላ ቢሆን ኖሮ ይሉኝታ ነው ብላ እንደገና በተጠራጠረች። ሐቋን ያልለቀቀች ሴት የሰጠቻት ፈቃድ ስለሆነ ግን የምትጠረጥርበት ቀዳዳ አጣች። ከትከሻዋ አንድ ነገር ሲወርድ ታወቃት፤ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ያወቀችውም ያኔ ነው።

የዓስር አዛን ተባለ። ረቢያ በልማድ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ተራመደችና ቆመች። ጓዳው ውስጥ መስገጃ የሚያስነጥፍ ቦታ አልነበረም፤ ማን አስቦበት። ጁማና ሳሊሕ አልጋውን በግራና በቀኝ ይዘው እየገፉ፣ እየተሰዳደቡ፣ ከግድግዳው አስጠጉት። ከዚያ ወጥተው መጋረጃውን መለሱላት፤ ራሳቸውም መስጊድ ደርሰው ተመለሱ።

ሲመለሱ መጋረጃው እንደተዘጋ ነው።

«የሠላሳ አንድ ዓመቱን በአንዴ ልትሰግደው ነው እንዴ?» አለ ጁማ። «ረቢያ! ሰውየውን የውጫሌ መኪና ያመልጠዋል!»

«ተዋት፣ ጁማ» አለ ሳሊሕ፣ ደፉ ላይ እየተቀመጠ። «ያምልጠኝ።»

ከመጋረጃው ኋላ ረቢያ ግንባሯን መሬት ላይ አሳርፋ ነበር፤ አልቸኮለችም።