ክዋይ መሬት የረገጠ ዕለት

ንያይ ወደ ባሏ ቤት በሙሽርነት ስትገባ ድቡ ቀድሟት ገብቶ ነበር። ግልገል ሳለ የባሏ አባት በዶሮ ቅርጫት ይዘውት መጥተው ከጓሮ የብረት ጎጆ ውስጥ ዘጉበት። ስኳር ድንች ሲያይ ያብዳልና ስሙን ክዋይ አሉት፤ በአገራቸው ቋንቋ ስኳር ድንች ማለት ነው።

እሷም ከአራተኛ ክፍል ወጥታ ጭቃ ውስጥ ሩዝ ስትተክል ያደገች ናት። በባል ቤት የጠበቃት ሥራ ድብ መቀለብ ሆነ፤ ሥራ ነውና ሠራችው። ለመድኃኒት የሚሸጠው ሐሞቱ የሚቀዳ ዕለት ድቡን አደንዝዘው በጎኑ ያስተኙታል፣ ባሏ ረጅሙን መርፌ ሆዱ ውስጥ ይሰዳል፣ እሷ ደግሞ መዳፉን ትይዛለች። ያዢው ያላት የለም። ከብረት ዘንግ በቀር ምንም ረግጦ የማያውቅ መዳፍ ነው፤ ዝናብ እንደራቀው ማሳ ተሰነጣጥቋል።

ዓመታት አለፉ። የባሏ አባት ሞቱ፣ ሐሞት የሚገዛ ጠፋ፣ ባሏ ወደ ደቡብ ለግንባታ ሥራ ሄደ። ንያይ በታም ዳኦ ተራራ ግርጌ፣ ከእንዲህ ያለ ቤት የወጡ ድቦች በሚያገግሙበት መጠለያ፣ ማዕድ ቤት ተቀጠረች። ዱባ ትቆርጣለች፣ ቀርከሃ ውስጥ ማር ትቀባለች። ሥራ በጀመረች ሰሞን አንድ ድብ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ ላይ ተጋድሞ ሲያንቀላፋ አየች። የያዘችው ዱባ ከእጇ ወደቀ። ድብ ዛፍ እንደሚወጣ አታውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ተመኘች፤ ክዋይ ሳይሞት መሬት እንዲረግጥ። የመጠለያው የእንስሳት ሐኪም ሃዌ ቤቷ መጥታ አይታው ጉበቱ እንደተጎዳ ነግራታለች። ብዙ ጊዜ የለውም።

የመጠለያው መኪና ሊወስደው የመጣ ዕለት ግን አማቷ እማማ ቱክ በሩ ላይ ቆሙ።

«የሟችን ነገር ያለ ሟች ፈቃድ አልሰጥም። እሱ ነው ያመጣው፣ እሱ ይልቀቀው።»

ሹፌሩ ኩዬን ሳቀ። «ምን ይደረግ እማማ፣ ሟች ስልክ የላቸው! ቢኖራቸው ደውለን በጠየቅናቸው።»

«አንተ ባለጌ፣ ስልክማ አለው!» አሉና ከባላቸው ፎቶ ሥር ሁለት የድሮ ሳንቲሞች አወጡ። የሁለቱም አንድ ፊት በኖራ ነጭ ተቀብቷል፤ ሌላው ፊት በዕድሜ ጠቁሯል። አንዱ በነጭ፣ አንዱ በጥቁር ከወደቀ ሟቹ እሺ ብለዋል ማለት ነው።

እማማ ቱክ የዕጣን እንጨት ለኩሰው፣ ጥያቄያቸውን አንሾካሹከው፣ ሳንቲሞቹን ሳህኑ ላይ ጣሉ። ሁለቱም ነጭ። «እየሳቀብን ነው» አሉ። ደገሙ። ሁለቱም ጥቁር። «ተቆጣ።» ሠለሱ። አሁንም ጥቁር።

«አያችሁ? ከሦስት በላይ ሟችን መነዝነዝ ነውር ነው። ሂዱ።»

ንያይ ለመከራከር አቅም አልነበራትም። በሕይወቷ ተከራክራ የረታችበት ቀን ትዝ አይላትም። ፎቶውን አየች። ከፎቶው ፊት የክዋይ ሐሞት የገባበት አረቄ ጠርሙስና የተሞላ ጽዋ ተቀምጧል፤ እማማ ቱክ በየቀኑ ይቀዱላቸዋል።

«እናቴ» አለች በደከመ ድምፅ፣ «ወተቱን እያጠጧቸው ላሚቱን ልስጣት ቢሏቸው፣ እንዴት ብለው እሺ ይበሉ?»

ኩዬን ሳቁን በሳል አፈነ። የእማማ ቱክ በሚያኝኩት የኩን ቅጠል የቀላ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ንያይ ልሰደብ ነው ብላ አንገቷን ደፋች። አሮጊቷ ግን ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ።

«ይቺ ነገረኛ! እውነቷን እኮ ነው። በሕይወቱም ጽዋውን ሳልቀማው እሺ ብሎኝ አያውቅም!»

ጠርሙሱን አንስተው ደጅ ደፉት፤ በቦታው ሻይ አስቀመጡ። «በል፣ አሁን ሳትሰክር መልስ!» ብለው ጣሉ። አንዱ ሳንቲም ወዲያው ነጭ ሆኖ ተኛ። ሌላው በሳህኑ ጠርዝ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረና በጥቁሩ ወደቀ።

ክዋይ ወደ መጠለያው ሄደ። ሃዌ የታመመውን የሐሞት ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና አወጣችለት። ቁስሉ ሲሽር ከሲሚንቶ ክፍሉ ወደ ሜዳው የሚያወጣው በር ተከፈተ። ክዋይ ወደ ሣሩ መዳፉን ዘርግቶ ነካ አደረገና እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበው። በማግሥቱም እንዲሁ። ንያይ ስኳር ድንች ከደጃፉ ትንሽ ራቅ አድርጋ አስቀመጠች፤ እየተንጠራራ ጎትቶ ሲሚንቶው ላይ በላው።

«ይገፋ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«የተገፋው ይበቃዋል» አለች ሃዌ። «በሩ ክፍት ይሁን።»

ሳምንታት አለፉ፤ ክዋይ ከሳ። ንያይ ከደጃፉ ሳያልፍ ይሞታል ብላ ተስፋ ቆረጠች። ተስፋ መቁረጥን ለምዳዋለች፣ አላስለቀሳትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ ቱክ ከጓሯቸው የቆፈሩትን ስኳር ድንች ይዘው በአውቶቡስ መጡ። ከአጥሩ ውጭ ከንያይ ጎን እንደቆሙ ሰማዩ ጠቆረ፣ ከተራራው ዝናብ ወረደ። ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውኃ የክዋይን አፍንጫ መታው። ላሰው። አንገቱን አወጣ። አንድ መዳፍ ጭቃው ላይ አሳረፈ፤ አልሰበሰበውም። ሁለተኛውን ጨመረ። ከዚያ ያ ግዙፍ ገላ እንዳለ ወጣና ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዋጠው። ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ።



ክዋይ በኋላ እግሮቹ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ተራራውን ረጅም ጊዜ አሸተተ። ንያይ ያስቀመጠችለትን ስኳር ድንች ተራምዶት አለፈ። ሣሩ መሐል ሲደርስ ተጋደመ፣ ተንከባለለ፣ በጀርባው ተዘርግቶ ደረቱን ለዝናቡ ሰጠ። በደረቱ ላይ እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጠ ወርቃማ ምልክት ነበረ፤ ከአንዱ ትከሻ እስከ ሌላው። በጎጆው ጥበት በጀርባው ተዘርግቶ ስለማያውቅ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሙሉውን አይተውት አያውቁም።

እማማ ቱክ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዝናቡ ሽበታቸውን አረጠበው።

«ይሄ… ድሮም ነበረው እንዴ?» አሉ።

«ነበረው እናቴ።»

አሮጊቷ በባላቸው ፎቶ ፊት እንደሚያደርጉት ሁለት እጃቸውን ገጥመው ከደረታቸው አደረጉ። ንያይ ባርኔጣውን ከእጃቸው ተቀብላ ያዘችላቸው። ዝናቡ እስኪያባራ ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።