ሳይተረተር የቀረ ስፌት

ልብስ ሰፊዋ የፈተናው አዳራሽ በር ላይ ስትደርስ ጥበቃው አስቆማት። «ወላጅ ውጭ ነው የሚጠብቀው፣ እትዬ።»

«ወላጅም ነኝ፣ ተፈታኝም ነኝ» አለችና የመፈተኛ ካርዷን አሳየችው። ከኋላዋ የተሰለፉት ልጆች ሳቁ። እሷ ግን ዞር ብላም ሳታያቸው ገባች።

በአንድ ማሠልጠኛ ዘጠኝ ዓመት ልብስ ስፌት አስተምራለች። አሁን፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት የሌለው አስተማሪ ከዘንድሮ ወዲያ አይቀጥልም ተባለ። ሌላውን ትምህርት ሁሉ አልፋ የቀራት ታሪክ ብቻ ነው፤ አምና የወደቀችበት። ሳታውቅ ቀርታ ቢሆን ባልቆጫት ነበር! ጉድ የሠራት የገዛ እጇ ነው። ደህና ሰፊ ጠማማ ስፌት አይቶ አያልፍም፤ ይተረትራል፣ እንደገና ይሰፋል። አምናም የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ የኢንዱስትሪ አብዮትን፣ ሦስት ጊዜ ሰርዛ ሦስት ጊዜ ጻፈችው። ስለ መፍተያ ማሽን ብቻ አንድ ገጽ ሞላች። ደወሉ ሲደወል የቀሩት ሦስት ጥያቄዎች እንዳልተነካ አቡጀዲ ነጭ እንደሆኑ ነበሩ።

ዘንድሮ ልጇ ጠበቅ አደረገቻት። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ ስትመለስ የቆየ ፈተና እየሰጠች፣ የእጅ ሰዓቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትጠብቃት ነበር።

«እማ፣ መተርተር የለም! አራት ጥያቄ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ሲሞላ ወደሚቀጥለው።»

«ሳልጨርስ?»

«ሳትጨርሺ። ደንበኛ በር ላይ ቆሟል በይ።»

ዛሬ ጠዋት ያንኑ ሰዓት ከክንዷ ፈትታ ለእናቷ አሰረችላት።

ወረቀቱ ሲገለበጥ ሰፊዋ እንደ ሙያዋ ጀመረች። ሸሚዝ መጀመሪያ አካሉም እጅጌውም በሰፋፊ ስፌት ጣል ጣል ተደርጎ ይያያዛል፣ ጥብቁ ስፌት ኋላ ይመጣል። በየጥያቄው ሥር ሦስት አራት ቃል ጣል አደረገች። አንደኛውን በሰዓቱ ጨረሰች፣ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው አጋማሽ ላይ ግን አንድ ስህተት ትዝ አላት። ሁለተኛው መልስ ላይ ስለ አንድ ጦርነት ተጠይቃ፣ ከጦርነቱ በኋላ የመጣውን መዘዝ የጦርነቱ ምክንያት አድርጋ ጽፋዋለች፤ አንድ ሙሉ አንቀጽ!

እጇ ሳታዘው ገጹን ወደ ኋላ ገለበጠ። ጠማማው አንቀጽ ቁልጭ ብሎ ታያት። ሰዓቷን አየች፤ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። አንዴ ሰርዛ ከጀመረች እንደማታቆም ራሷን ታውቃለች። በዘጠኝ ዓመት ስንት ተማሪ «ትርተሪው!» ብላ ተቆጥታለች! ፈራች፣ በጣም ፈራች፣ ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ ገጹን መለሰችው። የአራተኛውን ጥያቄ የመጨረሻ ቃል ስትጽፍ ደወሉ ተደወለ።

ልጇ አጥሩ ሥር ቆማ ትጠብቃት ነበር። «ጨረስሽ?»

«አራቱንም» አለች ሰፊዋ። «ሁለተኛው ላይ አንድ አንቀጽ ጠማማ ነው። እያየሁት ተውኩት።»

ልጅቷ የደንብ ልብሷ ጠርዝ አራት ጊዜ ሲተረተር እያየች ነው ያደገችው። አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

ወር ሙሉ እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር ውጤቱ መጣ። በሁለት ነጥብ አልፋለች። ልጅቷ ስትዘል ሰፊዋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንባዋን ጠረገች።

«ያቺን አንቀጽ ግን» አለች፣ «አሁን ቢሰጡኝ እተረትራት ነበር።»