የሄደ ሁሉ የሚሞትበት ድራማ

ከአዲስ አበባ የወጣሁበት ሌሊት ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ወረቀት ይበዛ ነበር። እናቴ ብድግ አድርጋ ሞከረችውና ድንጋይ ነው ወይ የጫንሽው አለችኝ። የሬዲዮ ድራማ ነው አልኳት፤ አሥራ ሁለት ክፍል የሚሆን፣ ሁለተኛው ክፍል እኩሌታው የተጻፈ። ናይሮቢ ገብቼ፣ ሥራ ይዤ፣ በትርፍ ጊዜዬ በአንድ ዓመት ልጨርሰው ነበር ሐሳቤ። ይኸው ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ ድራማውም ገና ነው።

መንገዱን አላስረዝምባችሁም። እስከ ሞያሌ አንድ አውቶቡስ፣ ከሞያሌ ወዲህ ሌላ አውቶቡስ፣ በየኬላው መታወቂያ። በረሃውን ሳቋርጥ ናይሮቢም እንደዚያው መስሎኝ ሹራቤን አጠገቤ ለተቀመጠች ሴትዮ ሰጠኋት፤ ወሩ ሐምሌ ነው እኮ! የናይሮቢ ሐምሌ ዝናቡን የከለከሉት የአዲስ አበባ ክረምት ነው። ኡጋሊ የሚሉት ደግሞ ቅቤና በርበሬ የከዱት ገንፎ ነው። ሱኩማ የሚሉት ጎመናቸው ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከእኛ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሰዉም ትሁት ነው። ስትደናቀፉ "ፖሌ" ይሏችኋል፤ ዘመድ ሲሞትባችሁም ያው "ፖሌ" ነው።

ካሳራኒ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ሒሳብ ተቀባይ ሆንኩ። ተዋናዮቼንም ያገኘሁት እዚያው ነው። አበባ ወጥ ቤት ትሠራለች፤ "ሽንኩርት አምጡ" ስትል እንኳን ሰው ዞር ብሎ የሚያዳምጣት ዓይነት ድምፅ አላት። ጋሽ ታደሰ የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ ደንበኛችን ናቸው። ድራማው አንዲት ቤት ለሦስት ሴት ልጆቻቸው ማካፈል ስላቃታቸው አባት ነው፤ ጋሽ ታደሰ አባትየውን፣ አበባ ታላቂቱን ሙሉን፣ እኔ ታናሺቱን ሆንን። መካከለኛዋን አንዲት የጎረቤት ልጅ ያዘችልን። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ እንሰቅልና ስልኬን ትራስ ላይ አስቀምጠን እንቀዳለን። ማታቱ የሚሉት ታክሲያቸው ጡሩምባውን ሲነፋ ቆም፣ ሲያልፍ እንደገና።

እዚህ ያለ ሐበሻ አብዛኛው "ፕሮሰስ" አለው፤ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ የሚያስገባውን ወረቀት ይጠብቃል። ሦስተኛው ክፍል ላይ እንዳለን የጋሽ ታደሰ ፕሮሰስ አልቆ ካናዳ ሄዱ። ምን ላድርግ፣ አባትየውን ገደልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እንደ አዲስ ጻፍኩ። መካከለኛዋ አውስትራሊያ ስትገባ እሷንም በመኪና አደጋ ገደልኳት፤ እንደገና መጻፍ። ቪዛ በተመታ ቁጥር እኔ ሰው እቀብር ጀመር።

የመካከለኛዋን ለቅሶ ስንቀዳ አበባ እሪ ብላ ስታነባ አከራዬ ጥበቃውን አስከትሎ በሩን አንኳኳ። ማን ነው የሚደበድባት ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ድራማ ነው አልኩት። አበባ እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረን። በመጨረሻ አመነንና ድራማው ስንት ጊዜ እንደፈጀ ጠየቀ። አምስት ዓመት አልኩት።

"ማዳም፣" አለ ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ፣ "እኔ ይህን ፎቅ ከነሊፍቱ በሁለት ዓመት ነው የጨረስኩት።"

"ሊፍቱ እኮ አይሠራም።"

"አልቋል ግን።"

እሱ ሲሄድ ብዙ ሳቅን። አበባ ከሄደች በኋላ ግን ብቻዬን ተቀምጬ ሆድ ባሰኝ። ደራሲ ነኝ ወይስ መጨረስ የሚያስፈራኝ ሰው? ወዳጆቼ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያሉ ያጽናኑኛል። በዚህ ሁሉ ዓመት እኮ የሌላው ሰው እንቁላል ተፈልፍሎ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ታርዶ ተበልቷል። ከዚያን ቀን ወዲያ ለወራት አንድ መስመር አልጻፍኩም።

አንድ ቀን አበባ ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች ወጣችና የካናዳ ፕሮሰሷ ማለቁን ነገረችኝ። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት፤ ከአንገት በላይ ነበር። ቀናሁ፣ ተናደድኩም። ሙሉ ከሌለች ድራማው አንድ እርምጃ አይሄድም፤ በቃ፣ አከተመ ብዬ አዘንኩ።

"ሙሉን ምን ልታደርጊያት ነው?" አለችኝ።

የመሳቢያዬን ሳንቲም መቁጠር ጀመርኩ።

"ልትገድያት ነው አይደል? ሰብልዬ፣ ጋሽ ታደሰ እኮ አልሞቱም። ባለፈው ደውለው በረዶ መዛቅ ወገቤን ቆረጠው ሲሉ ነበር። አንቺ ጋ የሄደ ሁሉ ለምንድን ነው የሚሞተው? እኔ ስሄድ ሙሉም ትሂድ። እየደወለች ታናሿን ታስቸግራት።"

እንዴት ይህ ሳይታየኝ ቀረ? እኔ ራሴ ከአገር ከወጣሁ ወዲህ ለእናቴ ሞቻለሁ እንዴ? በየእሑዱ እየደወልኩ የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ይቀየር አይቀየር እያልኩ እጨቀጭቃት የለም? የሞቱት ይሙቱ ብዬ ያለፉትን ክፍሎች ሳልነካ ዘጠነኛውን ያዝኩ። የቤቱ ክርክር ሳይቋጭ ሙሉ ካናዳ ሄደች። ለወራት የተሳሰረው እጄ ሳምንት ሳይሞላ ጻፈው።

ሦስት ክፍል ይቀረኛል። መቼ እንደሚያልቅ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ድሮ እንዲህ ስል አፍር ነበር፣ አሁን ግን ቅዳሜ እስኪደርስ ይቸኩለኛል። ዘጠነኛውን በስልክ የቀዳነው አበባ ካናዳ በገባች በወሩ ነው። እሷ እዚያ ማለዳ ተነሥታ፣ እኔ እዚህ የማታቱ ድምፅ እንዳይገባ ከብርድ ልብሴ ሥር። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ከኋላዋ የማብሰያ ድምፅ ይሰማል፤ ለታሪኩ ግን ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

"ቤቱን ሸጥሽው?" አለች ሙሉ።

ታናሿ ነኝና አልሸጥኩትም ማለት ነበረብኝ፣ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ድምፅዋ ግን የአበባ ነበር፣ ሩቅ ነበር፣ ናፍቆኝም ነበር፤ ተራዬ አለፈኝ። መስመሩ የተቋረጠ መሰላት።

"ሰብለ? አለሽ?"

"አለሁ፣" አልኳት። "ቀጥዪ።"