ሳትታይ የማትነሳ መኪና

አባቴ ኢንሹራንስ የሚገዛው ትራፊክ ፖሊስ እንዳይቀጣው ብቻ ነበር። ስቲከሩ መስታወቱ ላይ ከተለጠፈ ነገሩ አለቀ፤ ምን እንደገዛ ጠይቆ አያውቅም። እኔ ደግሞ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት መቀመጥ አንገሽግሾኝ፣ ከመርሳ ወልድያ በሚመላለስባት አሮጌ ሚኒባስ ላይ ሂሳብ ሰብሳቢው ሆኜ ነበር። የማልገባበት ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ሊያሳድስ ሲሄድ ተከትዬው ኢንሹራንስ ቢሮ ገባሁና ይሄ የምንገዛው ምንድን ነው ብዬ እዚያ የምትሰራዋን ሴትዮ ጠየቅኋት። የሶስተኛ ወገን ነው አለችኝ፤ አባትሽ ሰው ቢገጭ፣ የሰው ንብረት ቢያበላሽ ለተጎዳው ይከፈላል፣ የራሱ መኪና ብትሰበር ግን አይመለከተውም። አባቴ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ለሰው ከሆነማ ጥሩ ነው፣ ለራሴ ሚካኤል አለልኝ አለ። ሚካኤል የተጣመመ ፓራፋንጎ አያቃናም አልኩት። ሴትዮዋ ሳቋን ዋጠች፤ እሱ ግን አልሳቀም። ቤታችን በሙሉ የሚበላው ከዚያች መኪና ነበር። ስነዘንዘው ከርሜ በመጨረሻ ሙሉ ሽፋን ገዛ። ስንወጣ ሴትዮዋ አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችን፤ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ለፖሊስና ለእኛ ደውሉ፣ መኪናዋ ሳትታይ እንዳትነሳ።

ሲሪንቃ መንገድ ላይ ይህን ቃል መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ማናችንም አላሰብንም።

ክረምት ነበር። ከወልድያ ስንመለስ ሲሪንቃ አካባቢ ላም ዘላ አስፋልት ገባች። አባቴ ሊያተርፋት መሪውን ሲጠመዝዝ መኪናዋ ተንሸራታ አፍንጫዋን ቦይ ውስጥ ደፋች። ሰው ደነገጠ እንጂ ምንም አልሆነም። የመኪናዋ ፊት ግን ተጨማዷል፣ ከስሯም ውሃ ይፈስሳል።

ደውዬ ሳልጨርስ የሲሪንቃ ሰው ደረሰ። ገሚሱ ከማሳው፣ ገሚሱ ከሱቁ፤ ገመድ የያዘ፣ ግንድ የተሸከመ፣ ሱሪውን የሰበሰበ። እኛ ጋ መኪና ቦይ ገብታ ቆሞ ማየት ለመንደሩ ነውር ነው። አባቴም በዘመኑ የስንቱን መኪና አብሮ ጎትቷል። ስለዚህ ተዉ ማለት አቃተው። ዞሮ እኔን አየኝ። ብትነሳ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል፤ ካልከፈለ ደግሞ እሷን ማስጠገኛ ገንዘብ ከየት እንደምናመጣ አላውቅም።

«እንዳትነኳት» አልኩ። «ሳትታይ አትነሳም።»

ገመዱን ሊያስሩ ያጎነበሱ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ። «ሬሳ ናት እንዴ ልጄ፣ ሐኪም ካላያት የማትነሳው?»

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቅያሜ ነበረበት። አንዱ እጃችንን ንቃ ነው እያለ ግንዱን መሬት ላይ ወረወረው። ያኔ የአባቴ ምላስ ተፈታ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ንቀን አይደለም አባቴ» አላቸው። «እኔም ስጎትት የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን እሷን ስታነሱልኝ ልጆቼ ይወድቁብኛል።» ከዚያ የሴትዮዋን ማስጠንቀቂያ ከነምክንያቱ አስረዳቸው።

ሽማግሌው አሰብ አድርገው ገመዱን ጠቀለሉና ብብታቸው ስር ሸጎጡት። «አብሽር፣ እንጠብቃለን» ብለው ቦዩ ዳር ቁጭ አሉ። ሌላውም ተከትሏቸው ተቀመጠ። ዝናቡ ሲጀምር የማዳበሪያ ከረጢት አናታቸው ላይ ጣል አደረጉ እንጂ የተነሳ የለም። ቆሎ ዞረ። የላሟ ባለቤትም መጥቶ ተቀላቀለን፤ ከመኪናዋ ይልቅ ላምህ ናት ኢንሹራንስ ያላት እያሉ አሾፉበት። አባቴ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ትራፊኩ መጥቶ ቦታውን ለካ፣ የኢንሹራንሱ ሰውም ፎቶ አነሳ። ይበቃል እንዳለ ሁሉም ባንዴ ተነሱ፤ መኪናዋ ወጣች።

ኢንሹራንሱ ከፈለ፣ ጋራዥ ገብታም ተሰራች። አባቴ ዛሬ ዓይኑ ደክሞ መሪ መያዝ ትቷል፤ መኪናዋንም ሸጠናታል። እኔ ወልድያ ቤት ተከራይቼ እሰራለሁ፣ ዝናብ ሲጥል ብቻዬን በር ላይ እቆማለሁ። ያን ቀን የኢንሹራንሱ ሰው ቶሎ እንዲመጣ በስልክ ሳጣድፈው ነበር። አሁን ቢሆን ሁላችንም ቦዩ ዳር እንደተቀመጥን ትንሽ ቢቆይ እመርጣለሁ።